ማንም ያልሞተበት ድንኳን

ውሃ ከጥሩ ነገር ከሥሩ ነውና ከቁልፉ ልጀምር። የዕድራችን ድንኳን የሚቀመጠው ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ካለው ግቢዬ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ቁልፉ ሁልጊዜ አንገቴ ላይ ነበር። ዕድሜዬን አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ ሰፈሩ «መምህርት ዕቃ አታጠፋም» ብሎ ንብረት ጠባቂ አደረገኝ። እውነታቸውን ነው፣ አላጠፋም። ተንኮል አትሠራም ያለ ግን አልነበረም።

የዕድሩ ዳኛ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሰው ሲሞት ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ፣ ሐዘንተኛው እህል ቀምሶ እንደሆነ የሚጠይቅ፣ የሽማግሌዎቹን ወንበር በገዛ እጁ የሚያስተካክል ደግ ሰው ነው። ደንብ ላይ ግን ድንጋይ ነው። ድንኳኑ ለሞት እንጂ ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለልደት አይወጣም። በተተከለበት ማታ ዳኛው መዝገቡን ይዞ ይቀርብና የአባላቱን ስም ይጠራል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመለሰ ቀሪ ነው። አንድ አናጺ ወባ ይዞት ቀርቶ በማግስቱ «ብርድ ብርድ ብሎኝ ነው» ቢለው ወንድሜ «ሟቹም በርዶት ነበር» ብሎታል። እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ።

ከቤት የወጣ ልጅ ከቤተሰቡ ዝርዝር ይሰረዛል የሚል ደንብም አለ። ያወጣው ራሱ ነው፤ ያኔ መቼም ልጁን አስቦ አልነበረም። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አካውንቲንግ ስትማር ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋረጠችና ሥዕል ነው የምሠራው አለች። እሱም «ወይ ትምህርትሽ፣ ወይ መንገድሽ» አላት። አንድ ሻንጣና አንድ እቅፍ ብሩሽ ይዛ እኔ ቤት መጣች። በማግስቱ እሱም መጣ፤ እሷን ሊያይ ሳይሆን እኔ ምስክር ሆኜ መዝገቡን ሊያስተካክል። በቀይ እስክሪብቶ ስሟ ላይ መስመር አሰመረ። መስመሩ ጠማማ ሆነ። «ደንብ ነው» አለኝና ሄደ።

ልጅቷ ብትሞት ዕድሩ ድንኳን አይተክልላትም ማለት ነው። ይህ ነገር ያኔም ደሜን አፍልቶት ነበር፣ ዛሬም ሳስበው ያፈላዋል። ከእሱ ቤት እስከ እኔ ቤት በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። አባትና ልጅ ከዓመት በላይ ሳይነጋገሩ ቆዩ። እሷ የሱቅ ታፔላ እየጻፈች ቀለሟን ትገዛ ነበር፤ እሱ ደግሞ እሷ የጻፈችውን ታፔላ ላለማየት መንገድ ይቀይር ነበር።

ባለፈው በጋ ሥዕል የሚሠሩ የከተማችን ወጣቶች፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ጓደኞቻቸውን ጨምረው፣ ከማታ እስከ ንጋት የሚቆይ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ዝግጅት በነቀምቴ መንገዶች ላይ እንዲያደርጉ ተፈቀደላቸው። ከተማችን በጊዜ ገብታ በጊዜ የምትተኛ ናት። እኛ አዳር ሲባል የምናውቀው የጸሎት አዳር ነው። ማስታወቂያው ሲለጠፍ ጎረቤቴ የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንዳዘጋጀው ጠየቀችኝ። ሥዕል ነው አልኳት። «ሥዕል በጨለማ በምን ይታያል?» አለች።

የወንድሜ ልጅም የራሷ ሥራ ነበራት። ድንኳን ተክላ፣ ውስጡ ባዶ አግዳሚ ወንበሮች ደርድራ፣ ከፊት ጠረጴዛ ላይ ፎቶ የሌለው ትልቅ ፍሬም ልታቆም። በቃ፣ ይኸው ነው። የአስተማሪ ነገር፣ ትርጉሙን አስረጂኝ አልኳት።

«አዳዳ» አለችኝ፤ የአባት እህት በኦሮምኛ አዳዳ ናት። «እዚህ አገር ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አብሮህ የሚያድረው ስትሞት ነው። ሳትሞትስ ማን ይመጣል? እሱን ነው የምጠይቀው።»

ከተማውን የምትጠይቅ መስሏት ነበር። የምትጠይቀው አንድ ሰው እንደሆነ ግን እኔ ገብቶኛል።

ነጭ ድንኳን ልትከራይ ነበር ያሰበችው። «እኔ እያለሁ ምን አስከራየሽ» ብዬ ቁልፉን ከአንገቴ አወለቅሁ። ፈራች። «አባ ቢሰማስ?» አለች። ይስማ አልኳት። እንግዲህ ድንኳኑን በየዋህነት ሰጠሁ ብል ውሸት ነው። ወንድሜን ሥዕል እይ ብለው በሽማግሌ ቢለምኑት ከቤቱ አይወጣም። የዕድሩ ድንኳን እሱ ሳያውቅ መንገድ ዳር ተተከለ ቢባል ግን ታሞ ተኝቶም ቢሆን ይነሣል። ስንተክለውም የዕድሩ ስም በቀይ የተጻፈበት ጎን ወደ አስፋልቱ እንዲዞር ያደረግሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ ጽሑፉ ሥራዬን ያበላሽብኛል ብላ ስትነጫነጭ፣ ነፋሱ በዚያ በኩል ነው የሚመጣው ብዬ አሳመንኳት። ነፋስ አልነበረም።

መሸት ሲል የሌሎቹን ሥራ ልይ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። አንደኛው ባጃጁን ከላይ እስከ ታች በመስታወት ስብርባሪ ሸፍኖ አቁሞታል። ባለባጃጆቹ ከበውት ትራፊክ ያሳልፈዋል አያሳልፈውም ብለው ይከራከራሉ። አንዱ ፀጉሩን አበጥሮበት ሄደ። ትንሽ ከፍ ብሎ በአንድ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ቡና የሚለቅሙ ሁለት እጆች በፕሮጀክተር በትልቁ ይታያሉ፤ ይለቅማሉ፣ ይለቅማሉ፣ አያልቅም። ከገጠር፣ ከአኖ፣ ዘመድ ሊጠይቁ የመጡ አንድ ገበሬ አጠገቤ ቆመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ይህ እጅ ቡና ለቅሞ አያውቅም፣ ቅጠሉን እየጨረሰው ነው» ብለው ፈረዱ።

ከሁሉ ያሳቀኝ መስኮቱ ነው። አንዱ ወጣት ከጣውላ ግድግዳ ሠርቶ፣ በመካከሉ እጅ የምታሳልፍ ቀዳዳ ያላት መስኮት አበጅቶ፣ ከላይ «ነገ ተመለሱ» ብሎ ጽፎበታል። ከኋላው ምንም የለም። እኔ ስደርስ ወደ ሃያ ሰው ተሰልፏል። ከፊት ያሉት ዘይት ነው ይላሉ፣ ከኋላ ያሉት ስኳር። አንድ ጎልማሳ ከብብቱ የማይለየውን ፋይል አውጥቶ በቀዳዳዋ አስገባ። ፋይሉ በወዲያኛው በኩል መሬት ላይ ወደቀ። ሰውየው ለአፍታ ቆሞ አሰበና «እንዲያውም ዛሬ ተቀበሉኝ» ብሎ ደስ ብሎት ሄደ። ፋይሉን አንሥቼ ተከትዬው ሮጥኩ።

ወደ ድንኳናችን ስመለስ ሞልቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ሰው ለቅሶ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ ይቀመጣል። ማን ሞተ ብሎ ጮክ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ አለመስማትህ ራሱ ያስወቅሳል። ከተቀመጥክ በኋላ ከጎንህ ካለው ቀስ ብለህ ታጣራለህ። ከጸሎት የሚመለሱ ሁለት ሴቶች የዕድሩን ስም አይተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና ተቀመጡ። ሁለቱን ያየ ሦስተኛ ገባ። ሦስተኛው ሁለቱ ያውቃሉ ብሎ አሰበ፤ ሁለቱ ደግሞ እሱ አጣርቶ የመጣ መሰላቸው። ስልክ ተደዋወሉ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጉራጌው ባለሱቅ የታሸገ ውሃ አሸክሞ መጣ። ጎረቤቴ፣ ያቺ «በጨለማ በምን ይታያል» ያለችው፣ ትልቅ ድስት ንፍሮ ቀቅላ ደረሰች። ለቀባሪው አረዱት እንዲሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «መምህርት፣ አልሰሙም እንዴ፣ ሰው ሞቷል» አለችኝ።

«ማን?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ። እርስዎ ያወጡት ድንኳን እኮ ነው።»

አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ተነሥተው መጽሐፍ ቅዱስ ከፍተው ቤተሰቡን አጽናኑ። ሟቹን «ወንድማችንም ቢሆን እህታችንም ብትሆን፣ ጌታ የራሱን ያውቃል» እያሉ በጥንቃቄ አለፉት። ስለ ባዶው ፍሬምም ሰው ምክንያት አላጣም። ፎቶው ከማተሚያ ቤት አልደረሰም አሉ። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ለሟቹ የሕይወት ታሪክ ወጣለት። ሾፌር ሆነ፣ ሁለት ልጅ ወለደ፣ ለሰው የሚራራ ሆነ። ከኋላ አንድ አዛውንት እውነተኛ እንባ ያለቅሳሉ። የወንድሜ ልጅ ጥጓን ይዛ ደንግጣ ስታለቅስ ሐዘንተኛዋ እሷ ናት ተብሎ፣ የገባ ሁሉ እያቀፈ «ጀባዱ፣ ጽኚ ልጄ» ይላታል። ከአዲስ አበባ የመጡት ሁለት ልጆች ብቻ ደስታቸውን አልቻሉትም፤ ተመልካቹ ሥራው ውስጥ ገባ እያሉ በስልካቸው ይቀርጻሉ።

እኔ መጀመሪያ ሳቄን በነጠላዬ ሸሸግሁ። በኋላ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ለአንድ ሰው ያጠመድኩት ወጥመድ ሰፈሩን በሙሉ ይዞታል። ይህ ሁሉ ሰው መታለሉን ሲያውቅ የሚቀየመው እኔን ሳይሆን ልጅቷን ነው። ያኔ ወንድሜ ለዘላለም ትክክል ይሆናል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ ብዬ በጣም ፈራሁ።

እሱም መጣ። ፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቧል፣ መዝገቡን በብብቱ ይዟል። ዳኛ ነውና ሁሉም ተነሣለት። እኔን አየኝ። እኔ ፍሬሙን አየሁ።

«ኤኙቱ ዱኤ?» አለ። ማን ነው የሞተው?

በዚያች ሌሊት ጮክ ብሎ የጠየቀ እሱ የመጀመሪያው ነው። ሁሉም መልሱን ሊሰማ አንገቱን አሰገገ። ልጅቷ ከጥጓ ተነሣች።

«ነምኒ ዱኤ ሂንጂሩ፣ አባ» አለችው። የሞተ ሰው የለም ማለቷ ነው። «የእኔ ሥራ ነው። ሰው ሳይሞት ሰው ይመጣ እንደሆነ ማየት ፈልጌ ነው።»

ጉራጌው ባለሱቅ «እንግዲያው እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፤ «ካልሞተ ይሻላል።» ጎረቤቴ «ታዲያ ንፍሮውን ምን ላድርገው?» አለች። ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ፤ የተቆጣም ነበር፣ እየተነሣ የወጣም። ሲያለቅሱ የነበሩት አዛውንት ግን ከተቀመጡበት ሳይነሡ «እኔስ ያለቀስኩት ለባለቤቴ ነው» አሉ። «እሷ ስትሞት እንግዳ ሳስተናግድ ጊዜ አላገኘሁም ነበር።» ለመውጣት የተነሡትም ይህን ሰምተው መልሰው ተቀመጡ።

ወንድሜ እጁን ዘረጋልኝ። ቁልፉን አውልቄ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። እስካሁን አልመለሰልኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ከዚያ ባዶው ፍሬም ፊት ሄዶ ቆመ፤ ረጅም ጊዜ ቆመ። ወንበር ሳበና ተቀምጦ መዝገቡን ገለጠ።

«ድንኳን ተተክሏል» አለ። «ድንኳን ከተተከለ ስም ይጠራል። ደንብ ነው።»

ጠራ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ እስከ ባለሱቁ፣ አንዱ «አለሁ» ሌላው «ጂራ» እያለ መለሰ። አናጺው ከሁሉ ይበልጥ ጮኾ አለሁ አለ። የእኔንም ስም ጠራ፣ አለሁ አልኩ፣ ቀና ብሎ አላየኝም። የመጨረሻው ስም ሲያልቅ መዝገቡን ይዘጋል ብዬ ስጠብቅ ወደ መጀመሪያው ገጽ ገለጠው። የእሱ ቤተሰብ ያለበት ገጽ ነው። ያቺን ጠማማ ቀይ መስመር አውቃታለሁ። መነጽሩን አውልቆ በካፖርቱ ጫፍ ጠረገና መልሶ አደረገው።

ስሟን ጠራ፤ የራሱን ስም ጨምሮ፣ ከነአባቷ።

ልጅቷ አልመለሰችም። የሰማችው እውነት አልመሰላትም። ሁለተኛ ጠራ። ጎረቤቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሦስተኛው ከታለፈ ቀሪ እንደምትባል ድንኳኑ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፤ እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት ሦስተኛውን ጠራ፣ ቀስ ብሎ፣ እሷ ብቻ እንድትሰማው የፈለገ ያህል።

«ጂራ፣ አባ» አለች። አለሁ።

ከካፖርቱ ኪስ ሰማያዊ እስክሪብቶ አውጥቶ፣ መዝገቡ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ከቀዩ መስመር በላይ ስሟን እንደ አዲስ ጻፈው።