የአንድ እናት ኒሞች

ሰው ክረምት ሲል ዝናብና ጭቃ ይታየዋል። እኔ የሚታየኝ የአፍደም ከተማ ነው፤ አቧራው፣ ሙቀቱ፣ ደመና አዝሎ የማይዘንበው ሰማይ። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት እንደጨረስኩ ለክረምት የምርምር ሥራ ከአማካሪ መምህሬ ጋር ከጅግጅጋ ወደዚያ ተላክሁ። ሥራው ጥሩ ጥሩ የኒም ዛፎችን መርጦ ዘራቸውን ለቅሞ አውበሬ ችግኝ ጣቢያ መላክ ነበር።

ውሎዬ አንዲት ሻይ ሻጭ ዘንድ ነው። ሱቋም ጣሪያዋም አንድ ትልቅ ኒም ነው፤ ያለ እሱ ጥላ በዚያ ፀሐይ ማንም ለሻይ አይቀመጥም። ኢዶ እላታለሁ፣ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው። ዛፏ ከተመረጡት አንዱ ስለነበር ኩራቷ አይጣል ነው! ልጇ አውበሬ ተድራ ትኖራለችና፣ ዘሩ ወደዚያ እንደሚሄድ የሰማች ቀን ሻይ በነጻ አጠጣችኝ።

ዘር ስንለቅም የየቤቱን ሰው «ችግኙን ከየት አመጣችሁት?» እያልን እንጠይቅ ነበር። አንዱ ከጎረቤቱ፣ ሌላው ከአማቱ፤ ጎረቤቱም አማቱም ከባቡር ጣቢያው ዛፍ ሥር። የከተማው ኒም ሁሉ የዚያች የአንዲት ዛፍ ልጅና የልጅ ልጅ ሆኖ ተገኘ። እኔ ሳቅሁ። አማካሪዬ ግን አልሳቀም።

«ዘሩ የተቀላቀለ ቢሆን አንዱን የጣለ በሽታ ሌላውን ይምራል። እነዚህ ግን አንዱ ከወደቀ ሁሉም ነው» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ የባቡር ጣቢያው ዛፍ ከአናቱ መድረቅ ጀመረ። ውሃ ጥም ነው አልን። ቀጥሎ የመስጊዱ፣ ቀጥሎ የወፍጮ ቤቱ። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ጫፉ ይጠቁራል፣ ቅርንጫፉ ይራቆታል። በሽታው ከደጅ ደጅ እያለ ወደ ኢዶ ይመጣ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቀና ብዬ ዛፏን ሳይ ፍርሃት ፍርሃት ይለኛል። አማካሪዬ ለላብራቶሪ የላክነው ቅጠል ውጤት ሳይመጣ ትንፍሽ እንዳትል ብሎኛል። ለእሱ ቀላል ነው፤ እሱ ሻይ የሚጠጣው ሆቴል ነው።

አንድ ቀን ብርጭቆዬ ውስጥ ቢጫ ቅጠል ወደቀ። ኢዶ በማንኪያ አወጣችውና ወደ ላይ አየች።

«ይሄም ታመመ አይደል?»

«አዎ ኢዶ።»

«ወላሂ አውቄዋለሁ። ግን አላህ ሳይደግስ አይጣላም። ልጆቹ አውበሬ በቅለዋል። እኔ ባጣ ልጄ ጥላ ሥር ትነግዳለች።»

የኒም ዘር አይከርምም፤ ቶሎ ካልተዘራ ይሞታል። ስለዚህ ውጤቱን ሳንጠብቅ ልከነው ነበር። ከዚያ በላይ ዝም ማለት አቃተኝ።

«ኢዶ፣ በሽታው አውበሬ ከደረሰ እነሱንም አይምርም። ደማቸው አንድ ነው።»

«አታሟርት!» አለችኝ። ፊቴን አየችው። ከሰሉን መቆስቆሷን ትታ ለልጇ ደወለች። ልጅቷ ገና ሰላምታው ሳያልቅ በደስታ ታወራ ጀመር። ኢዶ ትንሽ አዳመጠቻትና ስልኩን በሻርፗ ሸፈነችው።

«ደጃፏ ላይ የችግኙን ጉድጓድ ቆፍራ ጨርሳለች» አለችኝ። «ምን ልበላት?»

ከሻርፑ ሥር ልጅቷ «ሆዮ? ሆዮ?» እያለች እናቷን ትጣራ ነበር።