ማኒላውን የገለበጥንበት የገበያ ቀን

የእህቴ ልጅ ሰላም ደብረ ብርሃን ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የድረ ገጽ አሠራር ታስተምራለች። ባለፈው ሳምንት "አክስቴ፣ አንድ ቀን መጥተሽ እዪልኝ" ብላኝ ሄድኩና ከኮምፒውተር ክፍሉ ጀርባ ቁጭ አልኩ። አንድ ተማሪ የሠራው ገጽ ላይ ጽሑፉም ሥዕሉም ቀለሙም ተፋፍጓል። ሰላም "እስቲ ትንሽ አየር አስገባበት" አለችው። ልጁ ግራ ገብቶት "ታዲያ ባዶውን ምን ላድርገው?" ሲላት ሳቄ አመለጠኝ። ይህን ጥያቄ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በዓይኔ ሳላይ አንኮበር ላይ ሰምቼዋለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ የአማርኛ መምህርት ሆኜ እዚያ ተመደብኩ። ከደብረ ብርሃን የሄድኩት በእህል መኪና ጋቢና ነበር። ጭጋጉ መንገዱን እያለበሰው፣ ሾፌሩ የዘገነልኝን የባቄላ ቆሎ እየቆረጠምኩ፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ "አዎ" እና "አይ" ብቻ እመልሳለሁ። መጨረሻ ላይ ዞር ብሎ አየኝና "ልጄ፣ ክፍል ገብተሽም እንዲህ ልትሆኚ ነው?" አለኝ። እኔም ራሴን የምጠይቀው እሱኑ ነበር።

ዲሬክተራችን ጓድ ታደሰ ሌላ መምህር ያልፈለገውን የግድግዳ ጋዜጣ ክበብ ሰጡኝ። ሰሌዳው የተሰቀለው ከአጥሩ ውጪ፣ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ችግሩ ማንም ቆሞ አያነበውም። ልጆቹ ማኒላ ወረቀቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በደቃቅ ጽሕፈት ስለሚሞሉት ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር ጨርቅ ይመስላል። ኅዳር ሲገባ ጓድ ታደሰ ጠሩኝ።

"ወረቀት ከደብረ ብርሃን በስንት ልመና ነው የሚመጣው። በሚቀጥለው ገበያ ቆሞ የሚያነብ ሰው ካላየሁ ሰሌዳውን ለማስታወቂያ እወስደዋለሁ።"

ልጆቹ ያንን ሰሌዳ ምን ያህል እንደሚወዱት አውቃለሁ። ለብዙዎቹ ስማቸው በአደባባይ የተጻፈበት ብቸኛው ቦታ ነው። በማግስቱ ሰብስቤያቸው ስለ ገጽ አቀማመጥ ማስረዳት ጀመርኩ። ርዕስ ጎልቶ ይውጣ፣ በዓምዶች መካከል ቦታ ይተው እያልኩ ነው፤ ድምፄ ግን ከፊተኛው ወንበር አላለፈም።

ዘነበች የምትባል ምላሷ የማያርፍ ልጅ ነበረች። "ቲቸር፣ ለራስዎ ነው እንዴ የሚያስተምሩት?" አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ፊቴ ጋለ። ነጠላዬን አውልቄ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ዘረጋሁት። "ጥለቱ የት ነው?" አልኩ።

"ዳር ላይ!"

"መሐሉንስ ሸማኔው ለምን በጥለት አልሞላውም?"

ከቆላው፣ ከአሊዩ አምባ የሚመጣው ከድር ቀስ ብሎ "ጥለቱ አይታይማ" አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም። ሦስት ጽሑፍ ብቻ መረጥን፤ ከሁሉ በላይ ያስቀመጥነው ከድር ስለ ከብት ክትባት ያመጣውን ወሬ ነበር። በገበያው ዋዜማ ሥራውን ጨርሰን፣ ገጹ ነጣ ብሎ፣ በዱቄት ሙጫ ለጥፈነው ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጠዋት ስመጣ ክው አልኩ። ነጭ የነበረው ሁሉ በአበባ፣ በመፈክርና "እንኳን ደህና መጣችሁ" በሚል ሰላምታ ተሞልቷል። ልጆቹ ከሰሌዳው ሥር ተደርድረው ምስጋና ይጠብቃሉ።

"ማን ነው ይህን ያደረገ?"

"ሁላችንም ነን" አለች ዘነበች። "ቲቸር፣ እንግዳ ሲመጣ ሞሰቡ ግማሹ ባዶ ሆኖ ይቀርባል እንዴ? የሚጽፉት አጡ ብለው ይሳቁብን? እርስዎንም ወረቀት አባካኝ እንዳይሉዎት ብለን እኮ ነው።"

ምን ብዬ ልቆጣ? ያደጉበትን ጨዋነት ነው ገጹ ላይ ያዋሉት። "እንግዲያው ዳር ቆመን እንይ" አልኳቸው። ገበያተኛው ከቆላው መውጣት ጀምሯል፤ የሎሚና የበርበሬ ሽታ ከሰዎቹ ቀድሞ ይደርሳል። አንዱ አለፈ፣ ሌላው አለፈ። በመጨረሻ የከድር እናት እትዬ ዘይነባ አህያቸውን አቁመው ጠጋ አሉ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠሩ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ጣታቸው ከአበባው ወደ መፈክሩ፣ ከመፈክሩ ወደ ሰላምታው ሲዞር ቆየና እጃቸው ወረደ።

"ከድሬ፣ ከየት ነው የሚጀምረው? ወላሂ ዓይኔን አዞረው።"

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዘነበች ናት ቀድማ ወደ ሰሌዳው የሮጠችው። "ጀርባው ንጹሕ ነው! ገልብጡት!" እያለች ሙጫው ደህና ያልደረቀውን ማኒላ ቀስ አድርጋ ላጠችው። እትዬ ዘይነባ ቆመው ሲጠብቁ ከድር በፍሎማስተር ብዕር፣ በትላልቅ ፊደል፣ የራሱን ወሬ ብቻ ጻፈ። ዙሪያውን ሰፊ ነጭ ተወለት።

እትዬ ዘይነባ ፊደል በፊደል ጀመሩ። "የ... ከብት... ክትባት... ሐሙስ... አሊዩ አምባ... ከወንዙ... ማዶ።" ሲጨርሱ ወደ ኋላቸው ዞሩና "ሐሙስ ነው አሉ! ወንዙ ማዶ!" ብለው ጮኹ። በሬ ያለው ሁሉ መጣ። ማንበብ የማይችሉት "እስቲ ድገሚልን" ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

አንድ ሽማግሌ ግን ወደ እኔ ዞረው "ጥጃም ይከተባል ወይ የኔ ልጅ?" አሉኝ። ያ ሁሉ ሰው ያየኛል። "ይከተባል አባቴ፤ ሁሉንም ይዛችሁ ኑ ብለዋል" አልኩ፣ ከኋላ እስኪሰማ ድረስ። ጓድ ታደሰ ከሕዝቡ መሐል አንገታቸውን አስግገው አንብበው ሲያበቁ "ማኒላ ሲያልቅባችሁ ንገሩኝ" ብለውኝ ሄዱ።

ከትምህርት በኋላ ከሰላም ጋር በባጃጅ ስንመለስ ይህንኑ አጫወትኳት። "ከዚያ ቀን በኋላ ዓይን አፋርነቱ ለቀቀሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። አልለቀቀኝም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ክፍል ከመግባቴ በፊት በሩ ላይ ቆሜ የምናገረውን እለማመድ ነበር። ግን ማስተማር ማለት ሰው ፊት ቆሞ መታየት ይመስለኝ የነበረው እዚያ መንገድ ዳር ቀረ። እትዬ ዘይነባ ሲያነቡ ማንም እኔን አላየም፤ እኔም እሳቸውን ሳይ ፍርሃቴን ረስቼው ነበር። በኖርኩበት ሙያ ውስጥ ከሁሉ የወደድኩት ይህችን ራስን መርሳት ነው።