ብሬብሩክ ጓሮ የቀበርነው ዓሣ

በዘጠናዎቹ ፈረንጅ አገር፣ ብሬብሩክ የሚባል ሰፈር ስኖር አብሮኝ አንድ የጋና ልጅ ይኖር ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር ሽንት ቤት ገብቶ ይቆልፋል። ፒዛ አምጪ ይሁን፣ ወንጌል ሰባኪ ይሁን፣ እሱ ሽንት ቤት ነው። ቪዛው አልፎበታል። ከተያዘ ወደ አገሩ ነው የሚጭኑት፤ እዛ ደግሞ የሚጠብቁት ሰዎች አሉ። ምን እንዳደረጉት ጠይቄው አላውቅም። ሸሚዝ ሲቀይር ጀርባውን አይቻለሁ፣ በቃኝ።

እኔ የመርካቶ ልጅ ነኝ። ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ሳቆም እኔም አስተማሪዎቹም ተገላገልን። ፍርሃት አላውቅም ብዬ ነው ያደግኩት፣ መርካቶን ጠይቁ። ከእሱ ጋር መኖር ከጀመርኩ በኋላ ግን መኪና ደጃችን በቆመ ቁጥር መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ማየት ጀመርኩ። ፍርሃት እንደ ጉንፋን ይጋባል ለካ።

የተዋወቅነው ዶሮ ፋብሪካ ነው፣ አንድ ሺፍት ላይ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው የምናወራው። "ብራዘር" ነበር የሚለኝ፤ ነገሩ አይመቸኝም ነበር። የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ፉትስክሬይ ሰፈር አብሬው ስሄድ የኛ ሰዎች "ይሄን ጥቁር ደግሞ ከየት አመጣኸው?" ይሉኛል። የሚሉት እኮ ራሳቸው ከሰል የመሰሉ ናቸው። እኔም ብሆን አንድ ቀን "እኛ ሐበሾች ትንሽ እንለያለን" ብዬ አስረዳሁት።

"በምን?"

"በአፍንጫ" አልኩት።

ጠጋ ብሎ አፍንጫዬን አየና "ይሄ ነው?" አለኝ።

ምግብ ላይ ግን አልከራከረውም። ፉፉ የሚሉትን የአገሩን ምግብ ሲሠራ ድስቱን እንደ ጠላት ነው የሚያማስለው። በለውዝ ሾርባ ያቀርበዋል። መጀመሪያ ቀን ገንፎ መስሎኝ ሳኝክ አየኝና "ምን ታኝካለህ፣ ሕፃን ነህ? ዋጠው" አለኝ። ዋጥኩት። በበርበሬ ነው ያደግኩት ብዬ ጉራዬን ነዝቼ ነበር፤ የሱ ቃሪያ እንባዬን አወረደው።

"ብራዘር፣ ታለቅሳለህ እንዴ?"

"ላብ ነው" አልኩት።

አንድ ቀን ሲድኒ ያለች አክስቱ በጭስ የደረቀ ዓሣ ላከችለት። አንድ ሻንጣ ሙሉ። ሽታው መንገድ ማዶ ያለውን ውሻ አስጮኸው። በማግስቱ ደግሞ ቤቱን ያከራየኝ ኤጀንት ኢንስፔክት ሊያደርግ፣ ማለት ሊፈትሽ፣ ይመጣል። ቤቱ የተከራየው በኔ ስም፣ ለአንድ ሰው ነው። ይሄን ካሸተተ "ማነው የሚያበስለው? ማነው እዚህ የሚኖረው?" ማለቱ አይቀርም።

"እንጣለው" አልኩት።

"አክስቴ የላከችውን?" አለኝ። ዓሣውን እንደ ልጅ አቅፎት ነበር።

ያኔ ብልሃቱ መጣልኝ። እኔ የጉራጌ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲቆይ ይጣፍጣል እንጂ አይበላሽም። ምግብ መቅበር ለኔ ፍሪጅ ውስጥ እንደማስገባት ነው።

"እንቅበረው። ኤጀንቱ ሲሄድ እናወጣዋለን።"

"እናንተ ምግብ ትቀብራላችሁ?"

"ሥልጣኔ ነው፣ አይገባህም" አልኩት።

እንሰት ብሬብሩክ ከየት ይመጣል? ነጭ አንሶላዬን አወጣሁ። ዓሣውን ጠቅልለን በገመድ ግጥም አድርገን አሰርነው። ከሥራ ተመልሰን፣ ፀሐይ ገና ሳትገባ ነው። ጓሮ ወጥተን እሱ ይቆፍራል፣ እኔ አዛለሁ። ጎረቤታችን፣ አሮጊት ፈረንጅ፣ በአጥሩ ማዶ ልብስ ታሰጣ ነበር። "ሄሎ" አልኳት። ልብሷን መሬት ጥላ ሮጣ ገባች።

"ምን ሆነች?" አለኝ።

እኔም አልገባኝም። ጥቅሉን አስገብተን አፈር መልሰን፣ ላዩን በእግሬ ጠቅጥቄ ቀና ስል ነው ክው ያልኩት። መቃብር ነው የሚመስለው። ነጭ አንሶላ፣ ገመድ፣ አካፋ የያዙ ሁለት ጥቁሮች።

"ግባ፣ ቶሎ ግባ" አልኩት። አካፋውን ሳይጥል አሮጊቷ የጠራቻቸው ፖሊሶች በጎን በር ገቡ። አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት። ሽንት ቤቱ ከነሱ ኋላ ቀረ።

"ምንድነው የቀበራችሁት?" አለ ወንዱ።

"ዓሣ።"

"አውጡት።"

ልጁ ሊቆፍር ጎንበስ አለ፤ አካፋው ድንጋይ ላይ ይንቃጨላል። ተቀበልኩትና እኔ ቆፈርኩ። ጥቅሉ ብቅ ሲል ሴትዮዋ እጇን ወገቧ ላይ ወዳለው ሽጉጥ ወሰደች። ገመዱን ቀስ ብዬ ፈታሁ። ሽታው ሲወጣ እጇ ከሽጉጡ ወደ አፍንጫዋ ሄደ።

አሁን ይሄዳሉ ስል ወንዱ ወደ ልጁ ዞረ። "አንተስ ማነህ? እዚህ ነው የምትኖረው?"

ልጁ ከፖሊሶቹ ኋላ ያለውን የቤቱን በር ያያል። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ዓይኔ እያየ ሊያልቅለት ነው።

"ወንድሜ ነው" አልኩ። "ሊጠይቀኝ ነው የመጣው። የአንድ እናት ልጆች ነን።"

እሱ አጭር፣ ደልዳላ፣ እኔ ቀጭን ረጅም፣ ከነአፍንጫዬ። መርካቶ ብዬው ቢሆን ሕዝብ በሳቅ ያልቅ ነበር። ፖሊሱ እሱን አየ፣ እኔን አየ። የኔን መታወቂያ ብቻ ጠየቀ፣ አይቶ መለሰልኝ። የሱን ሊጠይቅ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"ዓሣችሁን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት" አለና ሄዱ።

ልጁ አፈሩ ላይ ቁጭ አለ። "ፖሊሱ አፍንጫህን አላየውም" አለኝ። እኔ አንሶላውን ሰብስቤ ዓሣውን አስገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ እሱም ሻንጣውም የሉም። ማታ እራት ላይ "ቤቱን አወቁት እኮ" እያለ ይደጋግም ነበር፤ ጨርሶ ይሄዳል ብዬ ግን አላሰብኩም። የዓሣውን ግማሽ በጋዜጣ ጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ትቶልኛል።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሳላውቀው እኔው ነኝ ሽንት ቤት ገብቼ የቆለፍኩት። ላቤ ደርቆ ወጥቼ ስከፍት ኤጀንቱ ነው። አፍንጫውን ጨምድዶ ክፍሎቹን ዞረና "ብቻህን ነው የምትኖረው?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት። እውነቴን ነበር።