የሽታዬ አረንጓዴ

ጦና እንጨት ያውቃል። ቀለም የሚያውቀው ግን የሚስቱ የሽታዬ እጅ ነበር።

ሶዶ ውስጥ ከገበያው በላይ ባለችው ቤታቸው በረንዳ ላይ፣ እሱ ዋንዛ እየላገ ቁም ሳጥንና የጸሎት ቤት አግዳሚ ይሠራል፤ እሷ ታለሰልሳለች፣ ትቀባለች። ያስተማራት ሰው የለም። ተበላ ከሚባለው ከተማ መጥታ ኦቶና ሆስፒታል ልብስ አጣቢ በነበረች ጊዜ፣ ግድግዳ የሚቀቡትን ቆማ እያየች ለመደችው። ቢጫና ሰማያዊ ቀላቅላ የምታወጣው አረንጓዴ ነበራት፤ ገና ተጠቅልሎ የሚወጣ የእንሰት ቅጠል የሚመስል።

"ከየትኛው ስንት ነው የምትጨምሪው?" ይላታል።

"እስኪስቅ ድረስ ነዋ!" ትለዋለች።

የሳጥኑን ውስጥ እንኳ ሳትቀባ አትተውም ነበር። "ቀለም ጨረስሽ እኮ፤ ውስጡን ማን ያየዋል?" ሲላት፣ "የምትከፍተው ሴት ታየዋለች" ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ልጅ አልነበራቸውም። በ1956 ዓመተ ምሕረት ክረምት ሽታዬን ወባ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ ጦና ሳጥን ሠርቶ ሳይቀባ መስጠት ጀመረ፤ ደንበኞቹም ቀስ በቀስ ወደ ሌላ አናጢ ሄዱ። ብሩሿን ከግድግዳው ላይ አላወረደውም። ጠዋት ሲነሣ ይጸልያል፤ ማታ የሰው ድምፅ ሳይሰማ የዋለ እንደ ሆነ መዝሙር በወላይትኛ እየዘመረ የራሱን ድምፅ ይሰማል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ መስከረም ሲጠባ፣ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ምግብ ቤት ያላት አገርነሽ አስጠራችው። ማድ ቤቷ ውስጥ ያለው ቁም ሳጥን ስታገባ ጦናና ሽታዬ የሠሩላት ነበር። ጢስ አጥቁሮታል፤ የበሮቹም ቀለም እዚህም እዚያም ተነሥቷል።

"ጋሽ ጦና፣ ወንድሜ ማሞ አዲስ የፋብሪካ ሳጥን ከአዲስ አበባ አስጭናለሁ ይላል" አለችው። "እኔ ደግሞ ይሄን ለምጄዋለሁ። ለዘመን መለወጫው፣ ለጊፋታ፣ እንግዳ ይመጣብኛል። እስከዚያ ካማረልኝ ይቆያል፤ አለዚያ ማሞ ይፈልጠዋል።"

ጦና ጎንበስ ብሎ በሩን አየ። ከማጠፊያው አጠገብ ከብሩሽ የተነቀለች አንዲት ፀጉር ቀለሙ ውስጥ ደርቃ ቀርታለች። የሽታዬ ብሩሽ። የጸሎት ቤቱ አግዳሚዎች በኋላ በላያቸው ሰማያዊ ተቀብተዋል፤ የቤታቸውን ሳጥን በሕመሟ ጊዜ ሸጦታል። እጇ ያረፈበት እሱ የሚያውቀው ነገር ይህ ብቻ ነበር።

አሮጌ ቀለም ሳይፋቅ አዲስ እንደማይይዝ ማንም አናጢ ያውቃል። ጦናም ያውቃል። ግን መፋቂያውን ከከረጢቱ አውጥቶ መልሶ ከተተው። ከሱቅ የገዛውን አረንጓዴ በላዩ ቀብቶ፣ ያችን ፀጉር ብቻ ሳይነካት፣ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ተጠራ። አዲሱ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቶ ወለሉ ላይ ረግፏል። ማሞ ከቦዲቲ መጥቶ በር ላይ ቆሟል፤ ጣቱን በሳጥኑ ላይ አሻሽቶ አሸተተ።

"ቅቤ!" አለ። "ጋሼ፣ ይሄ ሳጥን ከእኔ የበለጠ ቅቤ በልቷል!"

ጦና ወደ አገርነሽ ዞረ። እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"በየቀኑ መሰላችሁ? ለጊፋታ ብቻ ነው! ገበታውን ስቀባ፣ ቅሉን ስቀባ፣ እሱን ብቻ ደረቁን ልተወው? እንግዳ ፊት እንዲያበራ ብዬ ነው።"

"በየዓመቱ?" አለ ጦና።

"ካገባሁ ጀምሮ።"

"ፆም እንኳ የማያውቅ ሳጥን!" አለ ማሞ እየሳቀ። "አይ ጋሼ፣ አትልፋ። ይሄ ሲነድ ነው የሚያምረው። መጥረቢያዬም ስል ነው።"

አገርነሽ አልሳቀችም። ጦናን አየችው። ቅቤው እንጨቱ ውስጥ ገብቷል፤ እስከ ዋንዛው ድረስ ተፍቆ ካልታጠበ ምንም አይይዝም። ካልፋቀው ማሞ ይፈልጠዋል፤ ከፋቀው ደግሞ የሽታዬን እጅ የሚያጠፋው ራሱ ነው።

"ለበዓሉ አደርስልሻለሁ" አለ።

በሮቹን በጨለማው ማድ ቤት ውስጥ ፈትቶ አወጣቸው። ሳጥኑን ኩሊዎች ተሸክመው እስከ ቤቱ በረንዳ አደረሱለት።

በማግሥቱ ዝናቡ አባርቶ ዳሞታ ተራራ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ጦና መፋቂያውን ይዞ በሩ ላይ ተንበረከከ። ለጸሎት የተንበረከከ መስሎት፣ "ጌታ ሆይ፣ ይህን ደግሞ አንተ እወቅልኝ" አለ። ከዚያ ፋቀ። መጀመሪያ የእሱ ቀለም በቀላሉ ተነሣ። ቀጥሎ የሽታዬ መጣ፤ በቀጭን በቀጭኑ እየተጠቀለለ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ያች የብሩሽ ፀጉር ያለችበት ቦታ ሲደርስ እጁ ቆመ። በጥፍሩ ሊያወጣት ሞከረ፤ ተሰበረች። ያን ቀን ምሳ አልበላም። ጎረቤት በአጥሩ በኩል "ጦና፣ ደህና ነህ?" ብሎ ሲጠይቀው "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ፤ ውሸት አልነበረም።

ከዚያ የአመድ ውሃ አፍልቶ አፈሰሰበት። የቅቤው ወዝ ሾርባ ላይ እንደሚንሳፈፍ ሆኖ ወጣ። ፀሐይ ላይ አሰጣው፤ ሲሞቅ እንደገና ወዛ፤ እንደገና አጠበው። ዋንዛው ደርቆ እስኪነጣ ድረስ ይህን ደጋገመ።

የቀረው ወደ ሳጥኑ ውስጥ የሚዞረው የበሮቹ ጀርባ ነበር። ያ ፊት በጥላሸት ጠቁሮ እንደ ምጣድ ሆኗል፤ ቀለም ይኑረው አይኑረው አይታወቅም። ጦና በሩን ገለበጠና የተወቀጠ እንዶድ ይዞ ማሸት ጀመረ። አረፋው ጠቆረ። ውሃ ደፋበት።

አረንጓዴ ነበር።

ገና ተጠቅልሎ የሚወጣ የእንሰት ቅጠል። አንድም ቦታ አልተነሣም። እንግዳ የማያየውን ፊት አገርነሽ ቅቤ አስነክታው አታውቅም። የብሩሹ መስመር ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ ወደ ጥግ ሲደርስ ሽታዬ እንደ ልማዷ እጇን አዙራ ያነሣችበት ይታያል። ጦና እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠ። ውስጡን ማን ያየዋል ብሎ የተናገራት ትዝ አለው። ፊቱን በክንዱ ጠርጎ፣ "ተመስገን" አለ፤ ደግሞ ደጋግሞ አለ።

ውጪውን አረንጓዴ ለማድረግ አልሞከረም። የዋንዛው መልክ እንዲታይ ቫርኒሽ ብቻ ቀባው፤ ውስጡንም እንዳለ ተወው።

ለጊፋታ ዋዜማ ሳጥኑ ማድ ቤቱ ገብቶ ቆመ። ማሞ በመዳፉ ዳሰሰው፤ ጣቱን አሸተተ፤ እንደገና አሸተተ። አገርነሽ ሲኒ ልታስቀምጥ በሩን ከፈተችና እጇ አየር ላይ ቀረ።

"ይሄን ደግሞ መቼ ቀባኸው?"

"እኔ አይደለሁም።"

አገርነሽ በሩን አየች፤ እሱን አየች። "እትዬ ሽታዬ ናት" አለች በቀስታ። "ስትቀባ ቆሜ አይቻታለሁ እኮ። እንዴት ረሳሁት?"

"ተሸፍኖ ነው።"

"ሁለተኛ ቅቤ አላስነካውም፤ ውጪውንም።"

"እንግዲህ ማገዶ ሌላ ቦታ ልፈልግ" አለ ማሞ። "ጋሼ፣ ሥጋው ሲደርስ መጥተህ ከእኛ ጋር ብላ።"

ጦና አመስግኖ እመጣለሁ አለ። አይመጣም፤ ሦስቱም ያውቁታል። ወጥቶ ሲሄድ አገርነሽ ከኋላው፣ "ልታየው ከፈለግክ ግን በዓል አትጠብቅ!" አለችው።

መንገዱ ላይ ልጆች ለጊፋታ እሳት ችቦ ይጎትቱ ነበር። ቤቱ እንደ ወትሮው ዝም ብሏል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከግድግዳው ላይ ብሩሿን አወረደ። እንደ ድንጋይ ደርቋል። በጋዝ ውስጥ ነክሮ ፀጉሩን በጣቱ እያላላ ቆየ። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ቢጫ ጠብ አደረገ፤ ሰማያዊ ጠብ አደረገ፤ በእንጨት አማሰለው።

ጠቆረበት። ገና አልሳቀም።

ትንሽ ቢጫ ጨመረበት።