በዝናብ ውስጥ ስለ ኮከብ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ኮሮና የገባበት ዓመት መሆኑን አውቃለሁ፤ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ቀኑ እሁድ ይመስለኛል፣ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ከመድኃኔዓለም ሲመለሱ ትዝ ይለኛል። ባለቤቴ ከሞተች ወር ይሁን ሁለት ወር፣ እሱም ተምታቶብኛል። ያኔ ቀን ከቀን አይለይልኝም ነበር።

ለቅሶዋ ወግ አላገኘም። ድንኳን አልተተከለም፣ ሰው ተሰብስቦ አልተቀመጠም፤ ክልክል ነበር። ጎረቤት አፉን እንደሸፈነ በር ላይ ይቆምና "እግዜር ያጽናህ" ብሎኝ ይመለሳል። ጅማ ያለችው ልጄ መንገድ ተዘግቶባት ለቀብር አልደረሰችም። በየማታው ትደውላለች። "አባዬ፣ በላህ?" "በላሁ።" "እንቅልፍስ?" "ደህና ነው።" እንዳናለቅስ ቶሎ እንዘጋዋለን።

እኔ በያጅ ነኝ። ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ፣ ከቤቴ ጎን ባለች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ የግቢ በርና የመስኮት ብረት ስበይድ ነው ያረጀሁት። ባለቤቴ ሲመሻሽ ዱካዋን አውጥታ ደጃፍ ላይ ትቀመጥና መጠየቅ ትጀምራለች። ጥያቄዋ ሁሉ የሰማይ ነው። "ያች የምታበራው ምንድናት? ጨረቃ ላይ ውሃ አለ? እዚያም እንዳንተ የሚበይድ ሰው አለ እንዴ፣ ብልጭታው አንድ ነው እኮ!" ትለኛለች። እኔ አራተኛ ክፍልን ያልጨረስኩ ሰው፣ ምን አውቄ! "አዎ፣ እግዜር ትርፍ ሰዓት ይሠራል" እላታለሁ። "ሂድ፣ ውሸታም!" ትላለች። በማግስቱ ደግሞ እዚያው ቁጭ ብላ ትጠይቀኛለች።

የዚያን እሁድ ፀሐይ ትጨልማለች ተብሎ በሬዲዮ ተነግሮ ነበር። በባዶ ዓይን ማየት ያሳውራል ሲባል ሰፈሩ የኔን መስታወት አስታወሰ። ገና በጠዋቱ በሬ ተንኳኳ። ካሉኝ የብየዳ መስታወቶች በጣም ጥቁሩን መርጬ እንጨት ላይ አሰርኩላቸው። ተራርቀው ተሰለፉ፤ አንዱ አይቶ ለሌላው ሲያቀብል በአልኮል ይጠርገዋል። ፀሐይቱ እንደ ተገመጠ ዳቦ ጎድላለች። ብርሃኑ ደከመ፣ በረደን፣ ወፎቹም ዝም አሉ።

መስታወቱ የኔ ስለሆነ ዕውቀቱም የኔ መሰላቸው መሰለኝ።

"አባባ፣ ምንድነው የሚሸፍናት?" አለኝ አንዱ ጎረምሳ።

"ጨረቃ ናት።"

"ጨረቃ ከፀሐይ ታንስ የለም እንዴ?"

"አንተስ አውራ ጣትህን ዓይንህ ፊት ብታደርግ እንጦጦን ትሸፍን የለም?"

"ኧረ እሳቸው የማያውቁት የለም!" አለች ከኋላ የቆመች ሴት። "እስቲ ኮሮና መቼ እንደሚጠፋም ይንገሩና!"

ሳቁ። የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ፤ የማላውቀውንም "እሱማ..." እያልኩ አስረዘምኩት። እንዳይሄዱብኝ ነበር። ፀሐይ መልሳ ስትሞላ ግን እየመረቁኝ ቁልቁል ወረዱ። መስታወቱን ጠርጌ ገባሁ። ዱካዋ ከበሩ ጀርባ ተቀምጧል። ቤቱ ከበፊቱ የባሰ ጭር አለብኝ።

በማግስቱ ሲመሻሽ የማዶው ባለሱቅ መጣ። ስልጤ ነው፤ ብዙ ዓመት በጉርብትና ኖረናል። ከበሩ ውጭ ቆሞ፣

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ከነከነኝ" አለ። "ጨረቃ ላይ ዕቃ ይቀላል ይባላል። እውነት ነው?"

"ነገ እነግርሃለሁ" አልኩት።

ማታ ልጄ ስትደውል ጠየቅኋት። ስልኳ ላይ ፈልጋ፣ እዚህ ስድስት ኪሎ የሆነው እዚያ አንድ ኪሎ ያህል እንደሚሆን ነገረችኝ። ያን ማታ ስልኩን ቶሎ አልዘጋነውም። ለባለሱቁ ስነግረው፣

"ከሰርኩ በሉኛ! አንድ ኪሎ ስኳር ለመሸጥ ስድስት ኪሎ ልጨምር?" አለ።

ቀኑን ሙሉ ብረት እየቆረጥኩ አሰብኩበት። ሲመጣ ጠብቄ "አትከስርም፤ የምትመዝንበት ብረትም እኮ አብሮ ይቀላል" አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደንግጬ ዞሬ ዱካዋን አየሁ።

በቃ፣ በየአመሻሹ መምጣት ሆነ። ሐምሌ ገባ። ዝናቡ በቁልቁለቱ እንደ ወንዝ ሲወርድ እሱ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ በሬ ላይ ቆሞ ስለ ኮከብ ይጠይቀኛል። ሰማዩ ጥቁር ደመና ነው፤ ለመድኃኒት እንኳ አንዲት ኮከብ የለችም።

"ጋሼ፣ ሰው በመንኮራኩር ሲሄድ ለሶላት ቂብላው በየት በኩል ነው?"

"ይሄንንስ ሼኽህን ጠይቅ!"

"ሼኹ ናቸው ወደ እርስዎ የላኩኝ።"

ለማታ ከልጄ ጋር የምናወራው አላጣንም። ከሰማይ ጀምረን ወደ እናቷ እንመጣለን። ማልቀሱንም እንደዚያ ለመድነው።

አንድ አመሻሽ ላይ፣ "ጋሼ፣ ጨረቃ ላይ ዕቃ ይቀላል ይባላል። እውነት ነው?" አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁት። ከጃንጥላው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። እሱም አየኝና ጃንጥላውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። ስለ ስድስቱ ኪሎ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት።

"ከሰርኩ በሉኛ!" አለ፣ እንደ አዲስ።

ክልከላው ከተነሳ ቆየ። ልጄም መጥታ የእናቷን መቃብር አይታ ተመልሳለች። ክረምት አልፎ ሰማዩ ሲጠራ እኔ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ፣ ዱካዋንም አወጣዋለሁ። ያች የምታበራው ብቅ ትላለች። ኮከብ እንኳ አይደለችም፣ እንደኛዋ መሬት ያለች ዓለም ናት ብላኛለች ልጄ። ያኔ ይሄን አላውቅም ነበር። አሁን ብትጠይቀኝ እመልስላት ነበር።

ያን ክረምት ብቻህን እንዴት ገፋኸው ይሉኛል። ብቻዬን አልገፋሁትም። የማዶው ባለሱቅ ነበረ።