ዓለም የሚውጠው ሰውዬ በእናቴ ሳሎን

በልብስ ፋብሪካ የንድፍ ቆራጭ ነኝ። ሥራዬ የሸሚዝ እጅጌና የሱሪ ወገብ በትልልቅ ወረቀት ላይ መሣል ነው። የሚተርፈውን ወረቀት አለቃዬ ስለፈቀደችልኝ ቤት ወስጄ የራሴን ነገር እሥልበታለሁ። የራሴ ነገር የምለው ኮሚክ ነው፤ የጠፈር መርከብና የፈራረሰ ፕላኔት የሞላበት በሥዕል የሚነገር ታሪክ። ታሪኩን የሚጽፈው እንዳ ኢየሱስ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ፊዚክስ የሚያስተምር የጎጃም ልጅ ነው። እሱ ይጽፋል፣ እኔ እሥላለሁ፣ በየገጹም እንጣላለን።

ባለፈው ዓመት አዲስ ክፉ ገጸ ባሕርይ ጻፈልኝ። ከምናውቀው ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ውጭ፣ ከሌላ ዳይሜንሽን የመጣ ነው። ዓለማትን ይውጣል፤ ግን ተናዶም ተርቦም አይደለም። እኛ ትንፋሽ ስንስብ ትንኝ እንደሚገባብን ሁሉ እሱም ሳያውቅ ነው የሚውጠን። “የሚያስፈራው ክፋቱ አይደለም፤ መኖራችንን አለማወቁ ነው” አለኝ ጸሐፊው። ቅርጽም የለውም አለ። “ቅርጽ የሌለውን ነገር በምን ልሣለው?” ብዬ ስጠይቀው “እሱማ የአንቺ ሥራ ነው” ብሎ ስልኩን ዘጋ። ጸሐፊዎች እንዲህ ናቸው፤ ከባዱን ለሌላ ሰው ጥለው ይሄዳሉ። ስም ስላላወጣንለት “ሰውዬው” እያልን እንጠራው ጀመር።

መጀመሪያ እንደ ባሕር እንስሳ የሚልመዘመዙ ብዙ እጆች ሣልኩለት። ባሕር ያየሁት በቴሌቪዥን ብቻ ነው፤ ያስታውቃል። እናቴ በጀርባዬ ስታልፍ ጎንበስ ብላ አየችና “ጓለይ፣ የኔ ልጅ፣ ፓስታ ነው?” አለችኝ። ቀደድኩት። ቀጥሎ ጥቁር ደመና አደረግሁት፤ ቀለም የተደፋበት ወረቀት መሰለ። በሦስተኛው ሳምንት ማሰቡን ተውኩና እጄን ለቀቅሁት። እጄ ስድስት ክንፍ ሣለ። በክንፎቹ ላይ ዐይን፣ በደረቱ ዐይን፣ በመዳፉ ዐይን፤ ከመሐል ደግሞ ሁለት ትልልቅ ዐይኖቹን ወደ ተመልካቹ ያፈጠጠ ሰፊ ፊት። ወረቀቱ የበር ግማሽ ያክላል። ፎቶ አንሥቼ ስልክለት ጸሐፊው “ይኼ ነው! ይኼ ነው!” ብሎ መለሰልኝ። መኝታ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ለጥፌው ቅዳሜ ጠዋት ለትርፍ ሰዓት ወደ ፋብሪካ ሄድኩ።

ያ ቅዳሜ የእናቴ የማኅበር ተራ ነበር። በጦርነቱ ዘመን ማኅበርተኛው ተበትኖ ነበር። እኛም ቤታችንን ጥለን ሸሽተን ስንመለስ ባዶ ሳሎን ነው የጠበቀን። ሶፋውም ቴሌቪዥኑም የለም፤ በምሥራቁ ግድግዳ የነበረው፣ ከአባቴ ጋር ሲጋቡ የተሰጣት ቅዱስ ሥዕል እንኳ የለም። ማኅበሩ እንደገና ተሰባስቦ ተራው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደርሳት አንድ ወር ሙሉ ስትዘጋጅ ከረመች። ስዋውን፣ የኛን ጠላ፣ ራሷ ጠመቀች፣ ወንበር ከጎረቤት ተዋሰች፣ ግድግዳውን በኖራ አስቀባች። “ሥዕል የሌለበት ቤት ውስጥ እንዴት ሰው አስገባለሁ?” እያለች ስትጨነቅ እሰማ ነበር። ሰማሁ እንጂ አላሰብኩበትም።

እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ሳሎኑ ነጠላ በለበሱ ሰዎች ሞልቷል። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ፣ እናቴ ከጎረቤት በተዋሰችው መስታወት በገባበት ፍሬም ውስጥ፣ ነጭ መጋረጃ ከግራና ከቀኝ ተሰብስቦለት፣ ሰውዬው ተሰቅሏል። አንዲት አሮጊት ጫማቸውን አውልቀው መስታወቱን ሲሳለሙ ደረስኩ።

እናቴ ሮጣ መጥታ እጄን ያዘችኝ። “እዋይ ጓለይ! እንዲህ ያለ ነገር እየሠራሽልኝ ነው ዝም ያልሽው? ከአርባዕቱ እንስሳ አንዱን፣ ዙፋኑን የተሸከመውን! ለተራዬ ብለሽ ነው አይደል?” ዐይኗ እንባ አቅርሯል።

ምን እንደሣልኩ ያየሁት ገና ያኔ ነው። በልጅነቴ ቅዳሴው ሲረዝምብኝ አንጋጥጬ የማያቸው፣ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ሁለመናቸው ዐይን የሆነ ባለ ስድስት ክንፎች አሉ። እኔ ከሌላ ዓለም አመጣሁ ብዬ ስኩራራ እጄ እነሱን ገልብጧቸዋል። ብናገር እናቴን በማኅበሯ ፊት አዋርዳታለሁ። ዝም ብል፣ ይህ ሁሉ ጨዋ ሰው በየተራ እየተነሣ እኔ የሣልኩትን ጭራቅ ሊሳለም ነው። አፍሬም ፈርቼም በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ።

የንስሐ አባታችን ከጸሎት በፊት እጃቸውን ለመታጠብ ወደ ጓሮ ሲወጡ ማስታጠቢያውን ይዤ ተከተልኳቸው። ወጣት ሳሉ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጋር የሠሩ ሰው ናቸው።

“ይፍቱኝ አባ። ያ ሥዕል ቅዱስ አይደለም” አልኳቸው ውኃውን እያፈሰስኩ። “የልብ ወለድ ጭራቅ ነው። ዓለም ይውጣል።”

“ክፉ ነው?”

“በጣም ክፉ ነው፣ አባ።”

“ክፉ ከሆነ ታዲያ ፊቱን ለምን ወደኛ አዞርሽው?”

ውግዘት ስጠብቅ የሥዕል ትምህርት መጣብኝ።

“ክፉ በጎን ነው የሚሣል፣ በአንድ ዐይን። ዲያብሎስ በአንድ ዐይን ነው። ጌታን የገረፉት ወታደሮችም በአንድ ዐይን ናቸው። የሚጸልይ ሰው ዐይኑ ከክፉ ዐይን ጋር እንዳይገናኝ ብለው ነው አባቶች። አንቺ በሁለት ዐይን ፊት ለፊት ሣልሽው፤ ሰዉ ቅዱስ ነው ቢል ምን ይፈረድበታል?”

“የተሳለሙትስ፣ አባ?”

“የተሳለሙት ቅዱስ መስሏቸው ነው፤ ፈጣሪ ልባቸውን ያያል። ይኼን ለኔ ተዪው። ለእናትሽ ግን የምትነግሪያት አንቺ ነሽ፣ ዛሬውኑ።”

ገቡና መጋረጃውን በቀስታ ዘጉት። “ሥዕሉ አልተባረከም። ያልተባረከ ሥዕል ደግሞ ይሸፈናል” አሉ። አንድም ውሸት የለበትም። ማንም አልጠየቀም፤ ጸሎቱ ደረሰ፣ ሕምባሻው ተቆረሰ፣ ሰዉ እናቴን እየመረቀ በላ ጠጣ። እኔም ትንፋሼ ተመለሰልኝ፤ ግማሽ ትንፋሽ ግን፤ ምክንያቱም ዋናው ገና ነበር።

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ሲወጡ እናቴን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት።

“ምን ያደርጋል አልሽኝ?”

“ዓለም ይውጣል።”

“እኛንም?”

“እኛንም። ግን አያየንም። መኖራችንንም አያውቅም። የሚያስፈራውም እሱ ነው።”

ተነሥታ መጋረጃውን ከፈተችና ብዙ ጊዜ አየችው።

“ይኼስ ያየኛል” አለች። “ከጠዋት ጀምሮ ስጠርግ፣ ወንበር ስደረድር እያየኝ ነበር። ያኔ በጦርነቱ ስልኩ ተቋርጦ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ መኖራችንን ሰው ሳያውቅ፣ በጣም የፈራሁት ምን መሰለሽ? ጥይቱን አይደለም። ማንም አያየንም ብዬ ነው። ዛሬ ግን ይኼ ሲያየኝ ደስ አለኝ፣ ጓለይ። በይ አባን ጠይቂና በወጉ አድርገሽ ቅዱስ ሥሪልኝ።”

ትቆጣኛለች፣ ታፍርብኛለች ብዬ የተሸከምኩት ሁሉ ከላዬ ወረደ። አቅፌያት አለቀስኩ፤ እሷ ግን ትስቅ ነበር፤ ዓለም የሚውጠውን ሰውዬ በኖራ በተቀባ ግድግዳ ላይ እንዴት ቀጥ አድርጋ እንዳሰቀለች እያሰበች።

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ አዲስ ወረቀት ዘረጋሁና ሰውዬውን በጎን ሣልኩት። አንድ ዐይን ብቻ። እሱም ወደኛ አይደለም፤ ከወረቀቱ ጠርዝ ውጭ ወዳለ፣ እኛን ወደማይመለከት ጉዳይ ነው የሚያየው። ስጨርስ የገዛ እጄ ሥራ ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ። እናቴ ልትጠራኝ መጥታ በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

“ይኼንንስ ከቤቴ አውጪልኝ” አለች። “አሁኑኑ።”

ጠቅልዬ በብብቴ አደረግሁትና ወደ ጸሐፊው ቤት፣ ወደ እንዳ ኢየሱስ ዳገቱን እየሳቅሁ ወጣሁ።