ሰማይ ላይ ያለችው መሬቴ

እኔ ደስ ሲለኝ አፌ አያርፍም። ያን ክረምት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሰሊጥ ስናርም ደግሞ ፍቅር ይዞኝ ስለነበር፣ ስልኬ ላይ ያነበብሁትን ሁሉ ለጓደኞቼ ሳላወራ አልውልም። አንድ ቀን ስለ አንዲት ትንሽ አስትሮይድ አነበብሁ። በማርስና በጁፒተር መካከል ፀሐይን ከሚዞሩት አለቶች አንዷ ናት፤ ወደ እኛ ቀረብ ባለው በኩል ነው መንገዷ። የሰው እግር አልረገጣትም ብላቸው፣ «እንግዲያው አንተ ያዛት» ብለው መርቀው ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ባለርስቱ ሆኖ ቀረ።

ከመተማ አብረውን የመጡት አዛውንት ግን አልሳቁም። ቆላ ያደገ ሰው እንደሚያውቀው ጠፍ መሬት የሚሆነው ቀድሞ ለያዘው ሰው ነው፤ እሳቸውም የምሬን መስሏቸው ኖሯል።

የወደድኋት ልጅ ገበያው ዳር ከአባቷ ጋር ወፍጮ ቤት ትሠራ ነበር። ሳቋ ከወፍጮው ጩኸት በላይ ይሰማኛል፣ ምን ላድርግ! አባትየው ከድንበሩ ማዶ ሰፊ እርሻ ነበራቸው፤ ጦርነት ነው አፈናቅሎ እዚህ የጣላቸው። መሬት ለሌለው ሰው ልጃቸውን እንደማይሰጡ አገር ያውቃል። እኔ ደግሞ ከማጭዴ በቀር ምን አለኝ?

ቢሆንም ልቤ እምቢ አለኝ። እዚህ ዘመድ የለኝምና አዛውንቱንና ሁለት የአረም ጓደኞቼን ሽማግሌ አድርጌ ላክሁ፤ እኔ ከግቢያቸው የአገዳ አጥር ጀርባ ተለጥፌ በቀዳዳ አያለሁ። እንደ ወጉ፣ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አባትየውም መሬት እንዳለኝ ጠየቁ። ጓደኞቼ አንገታቸውን ሲደፉ አዛውንቱ ኮራ ብለው፣ «አለው እንጂ! ትንሽ ናት፣ ድንጋያማም ናት፤ ግን ራሱ ቀድሞ የያዛት ናት» አሉ። ወዴት ናት ቢባሉ ከዘራቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ።

ጉድ ፈላ! በቃ አለቀልኝ አልሁ። ልጅቷ ሱዳን ያደገች ናትና በዓረብኛ «ያ ሰላም»፣ ወይ ጉድ እያለች ከውስጥ ስትንከተከት ሰማኋት። እኔንም ሳቅ አነቀኝ፤ አፌን በፎጣዬ አፈንሁት። ጓደኞቼ ነገሩ የእርሻ ላይ ቀልድ መሆኑን እየተቀባበሉ አስረዱ። አዛውንቱ ክው አሉ።

አባትየው አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ዝናብ ያገኛት እንደሆነ ጠየቁ፤ አያገኛትም ተባሉ። የሚበቅልባት ነገር እንዳለ ጠየቁ፤ ምንም የለም ተባሉ። ከዚያ ወደ ሰማይ ቀና አሉ።

«ወታደርስ ይደርስባታል?»

«ኧረ የለም፣ ማን ደርሶባት» አሉ አዛውንቱ።

«እንዲያ ከሆነ ከእኔ መሬት ትሻላለች። በሉ ተቀመጡ።»

ሳቅ ይሁን ልቅሶ እንጃ፣ የአገዳውን አጥር ይዤ ግቢያቸው ውስጥ ወደቅሁ።